የጫት መድኃኒት ስሙ ማነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጭሮ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሁን እኮ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ። እናንተ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» የባጃጅ ሹፌሩም፣ ድሮ አብሮኝ ዜና ይጽፍ የነበረውም፣ የሠፈሬ ባለ ሱቅም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ለክፋት አይደለም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው። የሰው ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ስለሆንኩ ይህንንም በሁለት ቃል መመለስ ነበረብኝ። አልሆን ሲለኝ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

መልሴ ከመሰላ ወረዳ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን የተላከች አንዲት አጭር መልእክት ናት። የአንድ ሰው መዳንና አለመዳን በእሷ ላይ ነበር። ልናልፋትም ትንሽ ነበር የቀረን። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራው ምን እንደነበረና ማን እንዳስተማረኝ ልናገር።

የሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ግማሽ በዜና ነው ያለፈው። ከናዝሬት ተመድቤ ስመጣ ወጣት ነበርኩ፤ ያኔ ከተማውን አሰበ ተፈሪ የሚለው ሰው ይበዛ ነበር። መቅረጸ ድምፅ አንግቼ ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከገለምሶ እስከ በዴሳ ዞሬያለሁ። ኦሮምኛ የለመድኩት ከገበሬ ጋር ስነጋገር ነው። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁትንም አልልክም ነበር። በዚህ የተነሳ ዜናዬ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ አለቆቼም ይቆጡኛል። ስህተት ተገኝቶብኝ ማስተባበያ የወጣበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ መዋቅር ተለወጠና የእኔ መደብ ታጠፈ። በነበርኩበት ደረጃ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ማጣቀሻ ክፍል ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው። ጓደኞቼ «አረፍክ» አሉኝ፤ እኔም እንደ እነሱ አስቤ ነበር።

ማጣቀሻ ክፍል መጽሐፍ በውሰት የማይወጣበት ክፍል ነው። መዝገበ ቃላቱ፣ የሕግ መጽሐፉ፣ የእርሻና የጤና መመሪያው ሁሉ እዚያው ይነበባል። ከመደርደሪያዎቹ ፊት አንድ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጠው ባለሙያ ሥራው ሁሉን ማወቅ አይደለም፤ ለመጣው ጥያቄ መልሱ የት እንዳለ አውቆ ጠያቂውን እዚያ ማድረስ ነው።

ክፍሉን የሚመሩት ወይዘሮ ዘሃራ ነበሩ። የሂርና ሰው ናቸው። ሁላችንም «አዴ ዘሃራ» ነበር የምንላቸው፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ሲያነቡ ግን አያደርጉትም፤ ሰው ሲያዳምጡ ነው የሚያደርጉት።

በመጀመሪያው ቀኔ አንድ ነጋዴ መጣና ስለ ውክልና የሚናገረውን ሕግ እንድናሳየው ጠየቀ። እኔ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጥ፣ ጋዜጠኛው» አሉኝ። «ሰውየው ገና አልጨረሰም።»

«ጨረሰ እኮ።»

«አፉ ነው የጨረሰው።»

ከጠረጴዛው ኋላ ወጡ፤ ወንበራቸውን ጎትተው ከነጋዴው ጎን ተቀመጡና ያንኑ ጥያቄ በኦሮምኛ መልሰው ጠየቁት። ሰውየው በአማርኛ «ውክልና» ብሎ የተወው ነገር በኦሮምኛ ረዘመ። ውክልና ሊሰጥ አልነበረም የመጣው። ቀድሞ ለወንድሙ የሰጠውን ሊያነሳበት ፈልጎ፣ ወንድሙን የሚያውቅ ሰው እንዳይሰማው ፈርቶ ነበር። የሚያስፈልገው አንቀጽ እኔ ላነሳው ከነበረው ሌላ ነው።

አዴ ዘሃራ ይህን «መገልበጥ» ይሉታል። በአማርኛ የመጣውን ጥያቄ በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ የመጣውን በአማርኛ ገልብጠው ይጠይቃሉ። አንድ ቋንቋ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ «ቢያገኙት ምን ያደርጉበታል?» ይሉታል። «ለምን ፈለጉት?» ብለው ጠይቀው አያውቁም።

«ለምን ስትለው ፖሊስ ትሆናለህ» አሉኝ። «ምን ታደርግበታለህ ስትለው ጎረቤት ነህ። ደግሞ አንተ ጋዜጠኛ ስለሆንክ የምትጠይቀው ለራስህ ነው፤ የምትጽፈውን ነገር ለማግኘት። እዚህ የምትጠይቀው ለሰውየው ነው። ይከብድሃል፤ ትለምደዋለህ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መልሱን በቃላቸው ቢያውቁት እንኳ አይናገሩም። መጽሐፉን ያወጣሉ፤ ገጹን ይገልጣሉ፤ ከዚያ የጠያቂውን ጣት ይዘው መስመሩ ላይ ያስቀምጡታል። ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ጣቱን አስቀምጠው ነው የሚያነቡለት። «ዘሃራ ነገረችኝ እንዲል አልፈልግም፤ እዚህ ላይ አየሁት ይበል» ይሉ ነበር። ከሁለት ሰው ያልሰማሁትን አልልክም ስል የኖርኩት እኔ ይህን ለመውደድ ጊዜ አልፈጀብኝም።

መገልበጡ ከየት እንደመጣ ግን የነገሩኝ ቆይተው ነው፤ የተለየ ነገር እንደሚያወሩም አልነገሩኝም። መጻሕፍት አቧራ እያራገፍን ሳለ የሰብል ጥበቃ መመሪያው እጃቸው ሲገባ ጀመሩት።

እሳቸው ለሥራው አዲስ በነበሩ ጊዜ አንድ የመኪና መካኒክ ይመጣ ነበር። «የጫት መድኃኒት የሚናገር መጽሐፍ አላችሁ?» አላቸው። አገሩ የጫት አገር ነው፤ ጫት ላይ የሚረጨውን የተባይ መከላከያ ሁሉ ሕዝቡ መድኃኒት ነው የሚለው። እሳቸውም መመሪያውን አውጥተው ቅጠሉን ስለሚያጠቃው ተባይ አነበቡለት። አመስግኖ ሄደ። ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ጠየቀ፤ እሳቸውም የተሻለ መጽሐፍ ፈልገው ጠበቁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ገጹን ኮፒ አድርገው ሰጡት። በሥራቸው ኮርተው ነበር።

መካኒኩ ግን የጫት ማሳ የለውም። የጫት ሱስ ያናወዘው፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ፣ ብቻውን የሚናገር ታናሽ ወንድም ነበረው። «የጫት መድኃኒት» ያለው ከጫት የሚያላቅቅ መድኃኒት ለማለት ነው። የቤቱን ጉዳይ በሰው ፊት አፍርጦ መናገር አፍሮ፣ ይረዱኛል ብሎ ነበር ደጋግሞ የሚመጣው። ወንድምየው አንድ ቀን ጫት ጭኖ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አልታወቀም።

አዴ ዘሃራ ይህን የሰሙት ከራሱ ከመካኒኩ ነው፤ መንገድ ላይ አግኝተው «መድኃኒቱ ረዳህ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ።

«ሦስት ጊዜ መጣሁ» አላቸው። «ሦስት ጊዜ ስለ ትል ነገርሽኝ።»

«የሚያድነውን መድኃኒት እኔ አገኝለት ነበር አልልህም» አሉኝ አቧራውን እያራገፉ። «የአእምሮ ሕክምና የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በኦሮምኛ ብጠይቀው ኖሮ ይወጣ ነበር። እኛ ቆሪቻ ብለን አናቆምም፤ ቆሪቻ ጂማ ዲሲሱ ነው የምንለው፤ ጂማ የሚያስጥል መድኃኒት። ግሡ ይመጣል። በአማርኛው ግሡ ቀረ።» ጂማ በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ ጫት ነው። መመሪያውን መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡትና ወደሚቀጥለው መጽሐፍ አለፉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ያን ጊዜ የሚመጣው ጥያቄ መልክ ነበረው። ወደ ዐረብ አገር ሊሄዱ ያሰቡ ልጆች የልደት ቀናቸውን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ይቀይሩልን ብለው ይሰለፋሉ። ስሙ በአማርኛ አንድ ዓይነት፣ በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ሌላ የተጻፈበት ሰው የትኛው እንደሚያዋጣው ሊጠይቅ ይመጣል። መምህራን የቃል ፍቺ ይፈልጋሉ። ሁለት ነጋዴዎች ውርርዳቸውን እንድንፈርድላቸው ከገበያ እየተጯጯኹ የመጡበትም ጊዜ አለ፤ የተሸነፈው መጽሐፉ አርጅቷል ብሎ ይግባኝ አለ።

አዴ ዘሃራ ጡረታ ወጥተው ወደ ሂርና ሲመለሱ ክፍሉ በእኔ እጅ ወደቀ። ስልኩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የቀን ቅየራው ቀረ፤ ስልክ ይሠራዋል። ቀጥሎ የቃል ፍቺው ቀረ። ጠረጴዛው ፊት ሰልፍ ጠፋ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ «ሰው ስልኩን ከጠየቀ እኛን ምን ያደርጋል?» አለ።

ጥያቄው ግን አልጠፋም ነበር፤ ተለወጠ እንጂ። ሰዎች መልስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዱ የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ ከስልኩ ላይ ያሳየኝና «ይሄ እውነት ነው?» ይለኛል። አንድ መምህር የመጽሐፍ ርእስና የደራሲ ስም በጥሩ እጅ ጽፎ መጣ፤ በያለበት ፈለግንለት፤ የለም። ለካ ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጥሮ ነው የነገረው። መምህሩ «እንዴት የሌለ መጽሐፍ ገጽ ቁጥር ይኖረዋል?» ብሎ ተናደደ፤ በእኔ ላይ። ድሮ መልስ ፈላጊ ነበርን። አሁን መልስ መርማሪ ሆንን። እውነቱን ለመናገር ለድሮ ሙያዬ የሚቀርበው ይህኛው ነው።

ጡረታዬ ሲቃረብ ቤተልሔም ተቀጠረች። ከባሕር ዳር ነው የመጣችው፤ በመረጃ ሳይንስ የተመረቀች፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ ልጅ ናት። ኦሮምኛ ገና ስለማትችል ገበያ በሄደች ቁጥር ባለ ሽንኩርቶቹ ያፌዙባታል፤ እሷም ታፌዝባቸዋለች። ለቤተ መጻሕፍቱ የቴሌግራም ቻናል የከፈተችልን እሷ ናት። ተማሪ የፈተና ጥያቄ ከዚያ ያወርዳል፤ የሚጠይቅ ሰው መልእክት ይልካል፤ ለተለመደው ጥያቄ ደግሞ መልስ እሷ ባዘጋጀችው ፕሮግራም በራሱ ይሄዳል። ቻናሉ ሲጀምር ሰላምታውም መመሪያውም በአማርኛ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ልወቅሳት አይደለም፤ ጽሑፉን አንብቤ ጥሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ቤተልሔም ከኮምፒዩተሩ ፊት ሆና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ። መልሱን ሰጥተናት አይደለም ትለናለች።»

ሄጄ አነበብኩ። «ኢፍቱ» የሚል ስም ያላት ሰው እንዲህ ጽፋለች፦ «የጫት መድሀኒት ስሙ ማነው ቶሎ።» ፕሮግራሙ አመስግኗት፣ ለጫት ተባይ መከላከያ እንዴት እንደሚመረጥና ሲረጭ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ረጅም መልስ ልኮላታል፤ ከጎኑም በአረንጓዴ «ተመልሷል» የሚል ምልክት አድርጓል። ከሥሩ እሷ «አይደለም» ብላለች። ፕሮግራሙ «ሌላ ጥያቄ አለዎት?» ብሏታል። እሷ እንደገና «አይደለም ቶሎ» ብላለች።

«የጫት መድኃኒት» የሚለውን ሳይ የአዴ ዘሃራ መካኒክ ትዝ አለኝ። ሱስ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ግን «ቶሎ» የምትለዋ ቃል አልገጠመችልኝም። ለሱስ ቶሎ አይባልም፤ ለትልም አይባልም።

«በቴሌግራሙ ደውይላት» አልኳት።

«ጋሼ፣ በጽሑፍ እኮ ነው የጠየቀችው።»

«ደውይ፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ።»

አንስታ የምትናገረው በጩኸት ነበር። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። በአማርኛ ከጭሮ ቤተ መጻሕፍት መሆኔን ነገርኳትና «መድኃኒቱን ቢያገኙት ምን ያደርጉበታል?» አልኳት።

«እኔ ምን አደርጋለሁ! እሱ ነው ያደረገው!»

ገለበጥኩት። በኦሮምኛ «ቆሪቻ ማሊ?» አልኳት፤ የምን መድኃኒት?

«ቆሪቻ ኢኒ ቢፌ!» አለች። እሱ የረጨው መድኃኒት።

ግሡ መጣ። ባሏ አህመዲን ጠዋት ጫቱን ሲረጭ ቆይቶ ወደቀ። ላቡ ይወርዳል፣ አፉ ምራቅ ይደፍቃል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። መሰላ ጤና ጣቢያ አድርሰውታል። የጤና መኮንኑ የረጨው ነገር ስሙ ማነው ብሎ ጠይቋታል፤ አታውቀውም። ስልኳ ላይ ለልጇ ፈተና ብላ የያዘችው ቻናል ስላለ ወደዚያ ጻፈች። ቻናሉ በአማርኛ ሰላም ስላላት በአማርኛ ጻፈች። «የረጨው» የሚለው ቃል በጥድፊያ ቀረ።

ስልኩን ለጤና መኮንኑ ሰጠችልኝ።

«ማን ነህ?» አለኝ።

«ከጭሮ ቤተ መጻሕፍት።»

«ወንድሜ፣ አሁን መጽሐፍ አይደለም የቸገረኝ።»

«የቸገረህን ንገረኝ።»

ከዚያ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ነገረኝ። ምልክቱን አይቶ የመርዝ ማርከሻ መርፌ ጀምሯል። ያለው መርፌ ግን ጥቂት ነው። መርዙ እሱ የጠረጠረው ዓይነት ከሆነ ባለው መርፌ ይዞት ይቆያል፤ ተጨማሪም ያስመጣል። ሌላ ዓይነት ከሆነ መርፌው አይረባም፤ ሳይመሽበት በመጥፎ መንገድ ወደ ጭሮ ሆስፒታል መላክ አለበት። ትንፋሹ እንዲህ ሆኖ መንገዱን ይችለዋል ብሎ አያምንም። «ገበያ ላይ ሁሉም ይደባለቃል፤ በምልክት ብቻ ልምል አልችልም» አለ።

ዕቃው የት አለ አልኩ። ዕቃው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን ቀድቶ ነው የሸጠለት፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ኢፍቱ የምታውቀው ትናንት ሂርና ገበያ፣ ከሚዛን ቤቱ ፊት፣ ቢጫ ጃንጥላ ሥር እንደተገዛ ብቻ ነው።

አዴ ዘሃራ ጋ ደወልኩ።

«አዴ ዘሃራ፣ የጫት መድኃኒት» አልኳቸው።

«ደግሞ?» አሉ።

ነገርኳቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ባጃጅ ሲጠሩ ሰማሁ። ስልኩን እንዳይዘጉት ለመንኳቸው፤ በድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቤተልሔም በሌላ ስልክ መሰላን ይዛለች። የተፈቀዱ የተባይ መከላከያዎች ዝርዝር ያለበትን መመሪያ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ከዚያ ቁጭ ብለን የሂርናን ገበያ በስልክ ሰማን።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ አዴ ዘሃራ። «ቦታ ስጠኝ ልቀመጥ።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ እናቴ። ምን ልስጥሽ?»

«መቀመጫ።»

ሳቅ ተሰማ። ዕቃ ሲገፋ ተሰማ። ጎኑ መቀመጣቸውን አወቅሁ።

«ትናንት ለመሰላ ሰው የቀዳህለት ጀሪካን የትኛው ነው?»

ሳቁ ቆመ። «እኔ ለመሰላ ሰው አልቀዳሁም። ወላሂ አልቀዳሁም።»

«አትማል። ቀዳህ ብዬ አልከሰስኩህም። ጀሪካኑን ያዝልኝ፤ ጽሑፉን ላንብብ።»

«አቦ፣ ልታሲዢኝ ነው አይደል የመጣሽው!»

«ሰውየው ከሞተ ነው የምትያዘው፣ ልጄ። ከዳነ ማን ይፈልግሃል? ያዝ፣ ወደ ብርሃኑ አዙረው።»

ለረጅም ጊዜ የገበያ ጫጫታ ብቻ ነበር የምንሰማው። ከዚያ ፕላስቲክ ሲጎተት ሰማን።

«ጋዜጠኛው፣ አለህ?»

«አለሁ። የሚነበበውን ሳይሆን የተጻፈውን አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»

«ማን ያስተማረህን ለማን ትነግራለህ» አሉና ጀመሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ፊደል በፊደል።

ገና ስሙን ሳያጋምሱ ቤተልሔም ኮምፒዩተሩ ላይ የጻፈችው ራሱን ሞላ። «አገኘሁት ጋሼ! ይሄ ነው!» ብላ በሌላ እጇ የመሰላውን ስልክ ወደ አፏ አስጠጋች። መመሪያዬ ላይ አየሁ። በዚያው ፊደል የሚጀምሩ ሁለት ስሞች ከላይና ከታች ተጽፈዋል። ግማሻቸው አንድ ነው። ዓይነታቸው ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ መርፌው የሚሠራለት፣ አንዱ የማይሠራለት። ኮምፒዩተሩ የሞላው የላይኛውን ነው።

«ይጨርሱ» አልኳት።

«ግን ጋሼ፣ ሐኪሙ እየጠበቀ—»

«ይጨርሱ።»

አዴ ዘሃራ አልቸኮሉም። አንድ ፊደል ላይ ቆሙ፤ ተለጣፊው ወረቀት እዚያ ላይ ተቀዷል። ሻጩን በጨርቅ እንዲያብሰው አደረጉ። «ሁለት እግር አለው፤ ሦስት አይደለም» አሉ። ጨረሱ። የታችኛው ስም ነበር።

ቤተልሔም ያን ስም እንደገና ፈልጋ የአምራቹን መግለጫ አገኘች። እኔ በመመሪያው፣ እሷ በኮምፒዩተሩ አነበብን፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከዚያ ነው ለመሰላ የተናገርነው። ስሙን ፊደል በፊደል፣ ዓይነቱን፣ ከየት እንዳነበብነው፣ ገጹንም ጭምር።

«ያው የጠረጠርኩት ነው» አለ የጤና መኮንኑ። «አልልከውም። እዚሁ ይዤው እቆያለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ቤተልሔም ኮምፒዩተሩ ላይ ቀድሞ የመጣውን ስም ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። አልቀለደችም።

ከሰዓት በኋላ አዴ ዘሃራ ደወሉ። ሻጩ ጀሪካኑን አንስቶ ቦታውን እንደለቀቀ ነገሩኝና «ሰውየውስ?» አሉ። አላወቅንም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት የጤና መኮንኑ ራሱ ደወለ። አህመዲን ተንፍሶ አድሯል፤ ውሃም ጠይቋል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አዴ ዘሃራ ስነግራቸው፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ያኛው ልጅ ግን የት እንደደረሰ እስካሁን አይታወቅም» አሉ። የመካኒኩን ወንድም ማለታቸው ነበር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ቤተልሔም ቻናሉን በሁለቱም ቋንቋ አደረገችው። ራሱ የሚልከውን መልስም አላጠፋችውም፤ ከሥሩ ግን «ይህ ካልሆነ ይደውሉ፤ እንነጋገር» የሚል ቁጥር ጨመረችበት። ኃላፊው ለአዲስ ኮምፒዩተሮች ቦታ ፈልጎ ጠረጴዛውን ለማስወጣት ወሰነ። እኔም አልተቃወምኩም። አዴ ዘሃራ ሰው መጥቶ ከኋላው ሲቀሩ አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ወጣ፤ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጠ።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ የረዘመ ሻሽ የጣለች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ የከሳ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል።

«አንተ ነህ የስልኩ?» አለችኝ በአማርኛ።

በድምፅዋ አወቅኋት። ኢፍቱ ናት። ባሏን አየሁት፤ አህመዲን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። እንዲቀመጡ ጋበዝኳቸው፤ እግዚአብሔር ማረልን አልኩ፤ ሊያመሰግኑ የመጡ መስሎኝ ምንም አይደለም ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ» አለች ፈጥና። «ግን ስሙን ጠየቅሁ እኮ። ለሐኪሙ ነገርክ። ለሻጩ ያቺ የሂርናዋ አዴ አነበበች። ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

«ጀመረች» አለ አህመዲን። «መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ነው የምትለው።»

«አንተ ዝም በል፤ አንተ ስሙን ሳታውቅ ነው የረጨኸው!»

እኔና ቤተልሔም ተያየን። ልክ ነበረች። ኮምፒዩተሩ ላይ ጥያቄዋ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «ተመልሷል» ይላል።

ልነሳ ስል ቤተልሔም ቀደመችኝ። መመሪያውን አወረደች፤ ከኢፍቱ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጠች፤ ገጹን ገልጣ፣ የኢፍቱን ጣት ይዛ የታችኛው ስም ላይ አስቀመጠችው። በዚያ በገበያው ኦሮምኛዋ «መቃን ኢሳ ከና» አለች፤ ስሙ ይሄ ነው። አህመዲን በአነጋገሯ ከልቡ ሳቀ። ኢፍቱ አልሳቀችም። ስሙን ደጋግማ አለችው፤ መጀመሪያ ተሰባበረባት፣ ቀጥሎ መሐሉ ጠፋባት፣ በመጨረሻ አስተካክላ አለችው።

«አሁን ካወቁት ምን ያደርጉበታል?» አለች ቤተልሔም።

«ገበያ እሄዳለሁ» አለች ኢፍቱ። «ሻጩን ይሄ ነው? እለዋለሁ። አዎ ካለኝ አልገዛም። አይደለም ካለኝ፣ ያንተኛውስ ስሙ ማነው እለዋለሁ። ካልነገረኝም አልገዛም። ከነገረኝ—» ስልኳን ከሻሽዋ ሥር አወጣችና ለቤተልሔም አሳየቻት፣ «አንቺን እጠይቃለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ቤተልሔም ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። የኢፍቱን ጥያቄ ፈልጋ አገኘችው። ፕሮግራሙ ያደረገውን «ተመልሷል» አጠፋችና እንደገና ራሷ ጻፈችው።